ተልባ ያልገባበት ግድግዳ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ለስብሰባ ጠርቶ ነበር። እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች እኔን አሮጊቷን ላኩኝ። ስብሰባው ስለ ወጪ ነው። መብራቱ ጨምሯል፣ ውሃው ጨምሯል፣ ጠመኔ እንኳ ተወዷል፤ ታዲያ ወላጅ በምን ያግዝ የሚል ነው ነገሩ። ዳይሬክተሩ ገና ልጅ እግር ነው። ክራቫቱ ያነቀው ይመስላል እንጂ ቁም ነገር አያጣም። «ክፍሎቹ ጨለማ ስለሆኑ ቀን ሙሉ አምፖል እናበራለን። ግድግዳውን ነጭ ብንቀባው የመስኮቱ ብርሃን ብቻ ይበቃናል» አለ። ሁሉም ደስ አለው። አንዱ ቀለሙን፣ አንዱ ጉልበቱን ቃል ገባ። እኔም እጄን አውጥቼ «ልብስ ይነካል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። «አይዞዎት እማማ፣ አይለቅም» አለኝ ዳይሬክተሩ በትሕትና። ለናሙና የቀቡትን ክፍል ሊያሳዩን ሲወስዱን ገና ያልደረቀው ግድግዳ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ፤ እኔም ከደጅ ቀረሁ። ጉልበቴ ከዳኝ ብል ይቀላል። ያቺ ሽታ ግን ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ እንዲህ ታርበተብተኛለች ብዬ አልጠበቅሁም።

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ዛሬ የምታዩት ኮልፌ አልነበረም። አስፋልት የለ፣ ታክሲ የለ፣ መንገደኛ የሚጠራ ረዳት የለ። ባሕር ዛፍ ነበር፤ በባሕር ዛፉ መሃል የጭቃ ቤቶች፣ በየቤቱ ጓሮ እንሰት። ወደ ዘነበወርቅ የሚወስደው መንገድ ክረምት ሲገባ በቅሎ ያሰምጣል። ዛሬ የቆሼ ቆሻሻ ተራራ የሠራበት ሜዳ ያኔ ገብስ ይዘራበት ነበር ብላቸው የልጅ ልጆቼ አያምኑኝም። ገበያው ላይ ነጋዴው ሊሬ ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል፤ ጠገራ ብር ሲያይ ጥርሱን ያሳያል። ሊሬ አልቀበልም ያለ እንደሚታሰር ስለሚያውቅ «ዕቃው አልቋል» ማለትን ሁሉም ተክኖበት ነበር። አቡጀዲ የለበሰ ደኅና ኑሮ ያለው ነው። ሌላው ከወታደር ከተጣለ ካኪና ከጆንያ አሰፍቶ ይለብሳል። ከመንገዱ ማዶ ጣሊያኖች መጠጥ ቤት ከፍተው ስለነበር የሙዚቃ ሸክላቸው ከጧት እስከ ማታ ይዘፍናል። ያንን ዘፈን አንድም ቃሉን ሳላውቅ ዜማውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ወጥ ስሠራ ሳላስበው ከአፌ ያመልጠኛል፣ ከዚያ በራሴ እናደዳለሁ።

እኔ ያኔ ወጣት መበለት ነበርኩ። ከተማው ተቃጥሎ ሰው በየመንገዱ ከታረደ በኋላ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይታደን ጀመር። ባሌ አሰፋ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረ። የሰፈራችን ሹም አቶ ዳምጤ ከጣሊያን ወታደሮች ጋር መጥቶ ከደጃችን ቆመና በጣቱ አሳየው። ጣቱን ብቻ ነው ያነሣው፤ አንድ ቃል አልተናገረም። አሰፋን ካሚዮን ላይ ጫኑት፣ አልተመለሰም። ልብሴን በጭቃና በቅጠል አጥቁሬ ከል ለበስኩ። ዳምጤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እንደምን አደርሽ» ይለኛል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ምን ላድርግ። ማታ ማታ ግን ስሙን እየጠራሁ እረግመው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ክንፈ ደግሞ መምህር ነበረ፤ ልጆቹ የኔታ ይሉታል። ሲፈልጉት በገጠር ተሸሽጎ ቆየና ጢሙን አሳድጎ ቆዳ ነጋዴ መስሎ ወደ ኮልፌ ተመለሰ። አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት። አላረፈም። «እነዚህ ልጆች እንዲሁ ደንቁረው ሊያድጉ ነው?» እያለ እንቅልፍ አጣ። አቶ ሳህሌ የሚባሉ ጨውና ቆዳ የሚነግዱ የጉራጌ ሰው ጎረቤታችን ነበሩ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ውድነሽ የጨው መጋዘናቸውን የኋላ ክፍል ሰጡት። ኪራይ የሚባል ነገር አልተነሣም። እንዲህ ነው ትምህርት ቤቱ የተከፈተው፤ እንደዚያ ያለ ቦታ ትምህርት ቤት ከተባለ።

ያን ትምህርት ቤት ያቆምነው ሴቶቹ ነን ብል ማጋነን አይደለም። የየኔታን ምግብ በየተራ እናበስላለን፤ ተረኛዋ ምግቡን በቅርጫት አድርጋ፣ ላዩን በጎመን ሸፍና፣ ገበያ የምትሄድ መስላ ታደርሳለች። ወረቀት እሳት ሆኖ ስለነበር አቶ ሳህሌ ከሣጥን የተነቀለ ጣውላ ይሰጡናል፤ ልጆቹ ይጽፉበታል፣ ማታ በጠርሙስ ስባሪ ፍቀን ለነገ እናደርሰዋለን። ቀለሙን ከድስት ጥላሸት እናወጣለን። ውሃ የሚቀዳው በእኛ ጀርባ ነው። የዛሬው ዳይሬክተር እኛን ቢያገኘን ኖሮ ምክር በጠየቀን። አንድ ነገር ግን አልቻልነውም፤ ላምባውን። ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ ደግሞ ከመንገድ እንዳይታይ ተዘግቶ ይውላል። ከጓሮ በኩል እንሰቱ ውስጥ የምታስወጣ አንዲት ጠባብ በር አለች፤ ልጆቹ በዚያች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ የሚገባው ብርሃንም በዚያች ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ኩራዝ ይበራል። ልጆቹ አፍንጫቸው ጠቁሮ ወደ ቤት ሲሄዱ እናቶቻቸው መንገድ ላይ ጠብቀው በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጓቸዋል።

አንድ ቀን ባለሱቁ ላምባውን እየቀዳልኝ ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ ዘውዴ፣ ከእኔ ትገዣለሽ፣ ከላይኛው ሱቅም ትገዣለሽ አሉ። ብቻሽን የምትኖሪ ሴት ይህን ሁሉ ምን ታደርጊዋለሽ?» አለኝ።

«ሌሊት እፈትላለሁ» አልኩት።

«አሃ» አለ። ጠርሙሱን ሲያቀብለኝ አላየኝም። ሰው አምኖ «አሃ» ሲልና ሳያምን ሲል ይለያል። ያን ዕለት ጠርሙሱን ከነጠላዬ ሥር ይዤ ስሄድ ኋላዬን ለማየት አንገቴ አሳከከኝ፤ ግን አልዞርኩም።

ነጩን አፈር ያመጡት እትዬ ውድነሽ ናቸው። በወንዙ ዳር የሚቆፈር አፈር ነው፤ በውሃ በጥብጠው ግድግዳ ሲለቀልቁበት ቤት ያፈካል። «ትንሿን በር ከፈት አድርገን ግድግዳውን ብናነጣው ልጆቹ ያለ ኩራዝ ያያሉ። ላምባም አንገዛ፣ ወሬም አይወጣብን» አሉ። ሁላችንም ተስማማን። እንዲህ ያለው ልቅለቃ ታዲያ የተልባ ውሃ ይፈልጋል። ተልባው እንደ ሙጫ ነው፤ አፈሩን ከግድግዳው ያጣብቀዋል። ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም ተልባ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ወተቱም ቅቤውም እሱ ነው። ያገኘናትን ጥቂት ተልባ ይዘን ከጭቃው አጠገብ ቆምን፤ ለመጨመር የአንዳችንም እጅ አልታዘዘልንም። ወንድሜ ሳቀብን። «ግድግዳ አይጾምም፤ ተልባውን ለልጆቹ በጥብጡላቸው» አለ። ልጆቹ ጠጡት። ግድግዳው ሳይጠጣ ቀረ።

ክፍሉ ግን ፍክት አለ። ልጆቹ መጀመሪያ ሲገቡ ዐይናቸውን አሹ። እርስ በርስ ሲተያዩ የሚያፍሩም ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ በደንብ ተያይተው አያውቁማ። ኩራዙን አጥፍተን ጥግ አስቀመጥነው። ያ ሰሞን ከዚያ ክፉ ዘመን ደስ ያለኝ ሰሞን ነው። እኔም ከልጆቹ ኋላ ተቀምጬ ፊደል እለይ ነበር፤ ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ትምህርት ነው።

ከዚያ አንድ ጧት ገበያ ስወጣ ሁለት ልጆች ከፊቴ ይሄዳሉ። አንደኛው የላይ ሰፈር ልጅ ነው፣ ሌላው የታች። የሁለቱም የካኪ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ነጭ ነው። የተላጨ ጭንቅላታቸውም ከኋላ በኩል ነጭ ነው። ተደግፈው ነዋ የሚቀመጡት፤ ወንበር የት አለና። አንገቴን ዞሬ የራሴን ልብስ አየሁ። ከሉ ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ለስንት ቀን እንደዚያ ሆነን ስንመላለስ እንደቆየን አላውቅም።

ከእኔ ቀድሞ ያየ ሰው ነበር። ሰፈሩ ውሃ ከሚቀዳበት ጉድጓድ አጠገብ ዳምጤ ጣሊያኑ የሰጠውን ጥቁር ካቦርት ለብሶ ቆሟል። ከአጠገቡ አንድ የጣሊያን መኰንንና አስካሪ የሚባሉት ጥቁር ወታደሮቹ አሉ። አንዱን ልጅ አስቁመው መኰንኑ በጣቱ ጀርባውን ጠረገና ጣቱን አየ። ከዚያ የሌላውን ጀርባ አየ። አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ከተለያየ ቤት የወጡ ልጆች አንድ ግድግዳ ተደግፈዋል፤ እዚያ ግድግዳ ዘንድ ልጅ የሚሰበስብ ሰው አለ። የላምባውም ወሬ ለመኰንኑ ደርሶት ኖሮ «ላምባ፣ ላምባ» ሲል ሰማሁት።

«የት ነው የተደገፍከው?» አለው ዳምጤ ልጁን።

«ቤት» አለ ልጁ።

«የማን ቤት?»

ልጁ እግሩን አየ። ዳምጤ በጥፊ መታው። ልጁ ጉንጩን ይዞ የማንንም ስም አልጠራም። መኰንኑ እጁን ወደ ቤቶቹ አወናጨፈና ከመጀመሪያው በር ጀምረው ውስጥ ውስጡን ያዩ ጀመር። የኮልፌ ቤት ሁሉ ግድግዳው የጭቃ መልክ ነው። ነጭ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው።

በእንሰቱ ውስጥ ሮጬ ስገባ ወንድሜ እያስተማረ ነበር። «መጡ» አልኩት። ልጆቹን ማስወጣት አልተቻለም፤ በጓሮው አጥር ማዶ የአስካሪ ቀይ ቆብ ይታያል። ወንድሜ ጣውላውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። «ልጆች፣ አትንቀሳቀሱ» አለ። እትዬ ውድነሽ ቡና የሚወቅጡበትን ዘነዘና ከጥግ አንሥቼ በበሩ ጎን ቆምኩ። ማንን ልመታበት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አውቀው ነበር።

መኰንኑ ከመንገድ አላለፈም። አቶ ሳህሌ የሸተተ የሸተተውን ቆዳ ሁሉ ሆን ብለው ከደጃፉ ይከምሩት ስለነበር፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ቆመና ዳምጤን ግባ አለው። የእግሩን ኮቴ በጨው ጆንያዎቹ መሃል ሲመጣ ሰማሁት። በሩ ተገፋ፤ ገባ። እኔ ከበሩ ኋላ ስለሆንኩ አላየኝም። ማጅራቱ ከፊቴ ነበር።

መጀመሪያ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ ወንድሜን። ጢሙ አላታለለውም። «አንተ ነህ ለካ። እኔ ሞተሃል ብዬ ነበር» አለው።

ከዚያ ዐይኑ ልጆቹ ላይ ዞረና አንድ ቦታ ቆመ። ከመሃል የምትቀመጥ የሺ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የገዛ ልጁ። እናቷ በስውር አምጥታ «አባቷ እንዳያውቅ» ብላ እግራችን ላይ ወድቃ ነው የተቀበልናት። ስንቀበላት ተጣልተንባታል፤ እኔ አይሆንም ካሉት ነበርኩ። ወንድሜ ነው «ልጅ ልጅ ናት» ያለው። የሺ ተነሥታ ቆመች። ቀሚሷ ከኋላ ነጭ መሆኑ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። አባትና ልጅ ተያዩ። ያነሣሁት ዘነዘና ባለበት ቀረ።

ዳምጤ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

«የኔታ» አለ፣ «ልጄ የት ደረሰች?»

«ዳዊት ጀምራለች» አለ ወንድሜ።

«ታንብብልኝ።»

«አሁን?»

«ቀስ ብላ። ለእኔ ብቻ።»

ወንድሜ መጽሐፉን ገልጦ ሰጣት። የሺ በሹክሹክታ አነበበች። መጀመሪያ ተንተባተበች፣ ከዚያ ተስተካከለላት፤ በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ዳምጤ ፊደል አያውቅም፤ ሹመቱን ያገኘው በምላሱ ነው ይባል ነበር። ጎንበስ ብሎ የልጁን ጣት ነበር የሚያየው፣ መጽሐፉን አይደለም። ከውጭ መኰንኑ «ዳምጤ!» ብሎ ተጣራ። የሺ ቆመች። እሱ «ጨርሺ» አላት። እስከ መስመሩ መጨረሻ አነበበች።

ቀና ሲል አየኝ። ዘነዘናውንም አየው። ወደ ግድግዳው ሄደና ጀርባውን ሰጥቶ ተደገፈ፤ ከብት ግንድ ላይ እንደሚታከክ ያን ጥቁር ካቦርት ግራና ቀኝ አሸው። ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባኝም፤ ያበደ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወጣ።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። መኰንኑ ጀርባውን አይቶ ጮኸበት። ዳምጤ ሳቀ። ወደ ጨው ጆንያዎቹ እያሳየ «ሳሌ፣ ሳሌ» አለው፤ ጨው ማለቱ ነው። ልጆቹ ለነጋዴው ጨው እንደሚሸከሙ በእጁ ምልክት፣ በዚያች በተሰባበረች ጣሊያንኛው አስረዳው። ከትከሻው ላይ ዱቄቱን በጣቱ ጠረገና አፉ ውስጥ ከትቶ ላሰው። አፈር ነው የላሰው። ፊቱን አላጨማደደም፤ እንዲያውም እንደ ጣመው ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ጣቱን ለመኰንኑ ዘረጋለት፤ መኰንኑ ተጸይፎ እጁን መታው። ካቦርቱን በአለንጋው እያራገፈለት እየሳቁ ሄዱ። የአስካሪው ቀይ ቆብ ከአጥሩ ማዶ ጠፋ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከልጆቹ አንዱ ሸንቶ ነበር፤ ማንም አልሳቀበትም።

ያንኑ ዕለት ወንድሜን የአቶ ሳህሌ በቅሎ ነጂዎች ከቆዳው ጋር ወደ አገራቸው ይዘውት ወጡ። እኛም ግድግዳውን ፍቀን እንደገና ለቀለቅነው፤ የቀረችንን ተልባ በሙሉ ጨመርንበት፣ ያን ጾም ሽሮ በውሃ በላን። ለልጆቹም የማውቀውን ያህል እኔ አስቆጠርኳቸው፤ የማላውቀው ሲመጣ «ይህን የኔታ ሲመጣ» እላቸው ነበር። የሺ ግን ተመልሳ አልመጣችም። ዳምጤም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታውን ተወ።

ጣሊያን ሲወጣ ክንፈ ገና ከአገር ቤት አልተመለሰም ነበር፤ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ዳምጤን ይዞ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አቆመው። አርበኞች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ካቦርቱን ገፈውት በእጀ ጠባብ ብቻ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል። ብዙ ሰው ከሰሰው፤ የከሰሱት ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ «የአሰፋ ሚስት ትምጣ» ተባለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ የምናገረውን ሁሉም የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ሕዝቡ ትዕግሥቱ አልቋል፤ ገመዱ ተዘጋጅቷል። የምናገረው ሁለት ነገር ነበረኝ፣ ሁለተኛውን የሚሰማኝ ግን እንደማይኖር ገባኝ። አሰፋን ካስቀደምኩ ቃሌ ሳያልቅ ይሰቅሉታል። የሺ ከሰዉ መሃል የእናቷን ነጠላ ጨብጣ ቆማለች፤ አፌን አፌን ታየኛለች።

«ተናገሪ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «ይህ ሰው ምን አደረገሽ?»

«ወንድሜንና የሰፈሩን ልጆች አድኗል» አልኩ።

ጫጫታ ተነሣ። የሆነውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ አቶ ሳህሌና እትዬ ውድነሽ እውነት ነው አሉ። ከዚያ የአሰፋን ተናገርኩ። ያን ጊዜ ግን ሰዉ እርስ በርሱ ይጨቃጨቅ ጀምሮ ነበር፤ ግማሹ አልሰማኝም። ዳምጤ ታሰረ እንጂ አልተሰቀለም። ከእስር ወጥቶ ልጁን ድሮ፣ አርጅቶ ሞተ። የሺ ኋላ አስተማሪ ሆነች፤ ዓመት በዓል ሲሆን እየመጣች ጉልበቴን ትስማለች፤ እኔም እመርቃታለሁ፤ ከልቤ ነው የምመርቃት። አሰፋን ግን ያን ቀን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሁለተኛ አድርጌዋለሁ። እንደገና ብጠየቅ እንደዚያው አደርጋለሁ፤ ነገሩ አሁንም ያቃጥለኛል።